ከኋላዋ የተቀመጠው

ልጅ ሲዳር የሚመክር ሰው ጥቂት ነው። "እንግዲህ እሱ ያውቃል" ይባልና ሁሉም ወደ ድግሱ ይዞራል። ሞተር ሊገዛ ነው ሲባል ግን አማካሪ ያልሆነ የለም። ዕድሜ ልኩን ከአህያ በላይ ነድቶ የማያውቅ ጎረቤት ስለ ፍሬን ያስተምራችኋል፤ ቤንዚን ሲሸተው የሚያስነጥሰው ደግሞ ስለ ማርሽ ይሟገታችኋል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ሴት ነኝ፤ እስከዚያ ድረስ ከፈጣሪ በቀር የሚመክረኝ አልነበረም። ያን ሰሞን ግን ምክሩ በዝቶብኝ ደጄን ዘግቼ መቀመጥ አምሮኝ ነበር።

ሞተሩ ለእኔ አይደለም፤ ለልጄ ለሰናይት ነው። ሰናይት ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሥራዋ ከሸዋ ሮቢት ወደ ቆላው ወርዳ በየመንደሩ ሕፃናት መከተብ ነው። የክትባቱን ሣጥን በትከሻዋ አንግታ በእግሯ ስትጓዝ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ከእሷ ጉልበት ቀድሞ ያልቅባታል። ደርሳ ክዳኑን ስትከፍተው ውሃ። ሕፃን አዝለው ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ሥር የጠበቁ እናቶች ሳያስከትቡ እንዳዘሉ ይመለሳሉ። ይህን ለደብረ ሲና ሰው ብታስረዱት አይገባውም፤ እዚያ በረዶ ከሰማይ በነፃ ይወርዳል።

"ሞተር ካላገኘሁ ሌላ ሰው ይመደብበት ልላቸው ነው" አለችኝ አንድ ቀን፣ ያበጠ እግሯን ባልዲ ውስጥ እየነከረች። ሰናይት የጀመረችውን የምትተው ልጅ አይደለችም። ይህን ካለች መሮአታል ማለት ነው። ስለዚህ ሞተር ልንመርጥ ወጣን።

ከምክሩ ሁሉ የጠቀመን ሁለት ነው። አንዱ የመካኒኩ የዘሪሁን ነው። "እትዬ፣ ጀማሪ አዲስ ሞተር አይገዛም" አለኝ። "መውደቋ አይቀርም። ወድቆ የሚያውቅ ሞተር ሲወድቅ ልብ አይሰብርም።" ሌላው የጎረቤቴ የእትዬ ከድጃ ነው። "ሁለት እግሯ መሬት ይንካ" አለችኝ። "እግሩ መሬት የማይነካ ነገር ከእኛ ወገን አይደለም።" ስለ ሞተር ይሁን ስለ ሌላ ነገር የምታወራው አልጠየቅኋትም። በእኛ አገር አንዳንድ ነገር አይጠየቅም።

መጀመሪያ ያየነው ረጅም ጥቁር ሞተር ነበር፤ ሲያብረቀርቅ የሙሽራ ጫማ ይመስላል። ሰናይት ስትወጣበት ግን የግራር ቅጠል ልትቀነጥስ እንደምትንጠራራ ፍየል በጣቶቿ ጫፍ ቆመች።

"ያምርብኛል?" አለች።

"ያምርብሻል፤ ውረጂ" አልኳት።

ሁለተኛው አጭር ቀይ ሞተር ነው። የአንድ የከብት ሐኪም ነበር፤ ሰውየው ሞቶ የምትሸጠው እህቱ ናት። "በሞተሩ ነው የሞተው?" አልኩ፣ ነገሩን ሳላለዝብ። "ኧረ በአልጋው ላይ ነው እትዬ፣ በበሽታ" አለች። አብሮን የመጣው ዘሪሁን ሞተሩን መሬት ላይ አጋደመና ሰናይትን "እስቲ አንሺው" አላት። አነሳችው። ተቀመጠችበት፤ ሁለት እግሯ እስከ ተረከዟ መሬት ረገጠ። ፍሬኑ ይታዘዛል። ሲነሳም እንደ ሽማግሌ ሳል ሳል ይላል እንጂ አይጮህም። አንድ ነገር ብቻ ዓይኔ ገባ። ወንበሩ ከነጂው በኩል ደህና ሆኖ ከኋላ በኩል ተበልቷል። እስቲ እናንተ፣ ከፊት ሳያልቅ ከኋላ ያለቀ ወንበር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እህቱ ዓይኔን ተከትላ አየችና "ወንድሜ ከኋላው ሰው ሳይጭን ሄዶ አያውቅም" አለች። መንገደኛ ይጭን ነበር ማለቷ ነው። ያኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ።

ገዛነው። ሰናይት ሜዳ ላይ ተማረች፤ እንደተባለውም ወደቀች፤ ሞተሩም እንደተባለው አልተቀየመም። መንጃ ፈቃዷን ይዛ ሥራ የወጣች ዕለት ደጅ ላይ ቆሜ ጸለይኩላት። ልጆቼ ከቤት ሲወጡ የምለው ነው፦ "ጠባቂ መልአክ ሆይ፣ ከፊቷ ቅደም፣ ከኋላዋ ሁን።" ከአፌ ስለማይጠፋ ምን እንዳልኩ እንኳ ልብ አላልኩትም።

አሁን ስለ ቀትር ልንገራችሁ። ደገኛ የሚፈራው ጨለማን ነው፤ እኛ የምንፈራው ስድስት ሰዓትን ነው። ያን ሰዓት የሰው ጥላ እግሩ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ወፍ አይጮህም፤ የማንጎ ቅጠል አይነቃነቅም፤ ውሻ እንኳ ለመጮህ ይሰንፋል። በጨለማ የማይታይ ነገር ቢኖር ግድ የለም፣ ጨለማ ነዋ። በጠራራ ፀሐይ የማይታይ ነገር ግን ለምንድነው የማይታየው? እናቶቻችን በቀትር ወንዝ አትውረዱ፣ ዋርካ ሥር አትቀመጡ የሚሉን ወደው አይደለም። ሰናይት ታዲያ ከአንደኛው መንደር ወደ ሌላው የምትሻገረው ልክ በቀትር ነው፤ መሻገሪያዋ ደረቅ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ዳር ያለውም ዋርካ ነው።

ዋርካው ሥር ሼህ ኡመር ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ መንገደኛውን በኮቴው ለይተው ነው ሰላም የሚሉት። ሰናይት አንድ ቀን ሞተሯን አቁማ "እንደምን ዋሉ አባባ" ትላቸዋለች።

"አልሐምዱሊላህ። እናንተስ?"

"ብቻዬን ነኝ አባባ።"

"ከኋላሽ ያለውስ?"

ዞራ አየች። ወንበሩ ባዶ ነው።

ቤት ስትመለስ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ ግን የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። ያ የተበላ ወንበር ታየኝ። "ወንድሜ ከኋላው ሰው ሳይጭን ሄዶ አያውቅም" ያለችው ሴትዮ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ማንን ነበር የሚጭነው? ወይስ አሁን ራሱ ተሳፋሪ ሆኖ መጣ?

"ሞተሩ ይሸጣል" አልኩ።

"በረዶውንስ ማን ያደርስልኛል? የኋላው ሰውዬ?" አለች። ልጅ የማስተማር ትርፉ ይህ ነው።

መሸጡ ቢቀር ብዬ ጠበል አምጥቼ ሞተሩን ረጨሁት። "እማዬ፣ ካንዴላውን ብቻ እንዳታርሺብኝ" አለችኝ። አላራስኩባትም። ሼህ ኡመር ግን እንደገና ስታልፍ "ደህና ዋላችሁ" አሏት፤ ደግሞም በብዙ ቁጥር። ያኔ ቆረጥኩ። እኔ ጠብ አላውቅም፤ የማውቀው መቀመጥ ነው። ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይደል የሚቀመጡበት? እንግዲያው እኔ እቀመጥበታለሁ።

ነጠላዬን አጥብቄ ታጠቅሁና ከኋላዋ ወጣሁ። የሽንኩርቱ ማሳ፣ የማንጎው ጥላ፣ የሰው ድምፅ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ቀረ። ወደ ወንዙ ስንወርድ ነፋሱ ቆመ። አሸዋው ነጭ ነው፤ ዓይን ይወጋል። ዋርካው ሥር ስትደርስ ሰናይት ሞተሯን አጠፋች። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ ጆሮዬ ውስጥ የራሴን ደም ሰማሁት። ሼህ ኡመር የመቁጠሪያቸውን ዶቃ መቁጠር አቆሙ። ቀና አሉ። ፊታቸውን ወደ ሰናይት አዞሩ፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ከእኔ ትንሽ አለፍ አድርገው።

"ዛሬስ ሦስት ሆናችሁ መጣችሁ" አሉ።

አልዞርኩም። እናንተ ብትሆኑ ትዞሩ ነበር?

"አባባ፣ አንቱ ደግሞ አታስፈራሩን" አልኩ። "ማነው እሱ?"

"እኔ ዕውሩ ምን አይቼ" አሉ። "አይናገርም። ከባድም አይደለም። ግን አለ።" ፈገግ አሉ። "አንቺ ሴት፣ ልጅሽን ለማን አደራ እንደሰጠሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ? ሰው የራሱን መላኢካ፣ ጠባቂውን፣ ይፈራል እንዴ?"

የፈራ ሰው ይሰማል እንጂ አያዳምጥም። መንደሩ ደርሰን ሕፃናቱ ተከተቡ፤ በረዶው ገና ሣጥኑ ውስጥ ይንኳኳ ነበር። እኔ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። ስንመለስ በቀጥታ ዘሪሁን ጋራዥ ወሰድኳት።

ዘሪሁን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ የሞተሩን ኋላ በእጁ ተጫነው፤ ሲጥጥ ብሎ ወረደ፤ አልተመለሰም። "እትዬ፣ የሞተው ሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ የኋላው ሞላም ሞቷል" አለና ሳቀ። "ስንት ዘመን ሰው ሲሸከም ኖሮ ደክሞታል። ባዶውን ሲሄድ ሰው የጫነ ይመስላል፤ ሼሁ የሰሙት እሱን ነው።"

"ሦስቱስ?"

"እርስዎ ሲጨመሩ ሦስት ሆነዋ።"

እንዲህ ቀላል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ እባቡንም ሳላይ በርይቻለሁ። ዘሪሁን አሮጌውን ሞላ አውጥቶ በአዲስ ቀየረው። አሮጌውን አሳየኝ፤ የታጠፈ የአዛውንት ወገብ ይመስላል። ሞተሩ ኋላው ቀና አለ። የእኔም ልብ አብሮ ቀና አለ።

በማግስቱ ሰናይት ብቻዋን ወርዳ ተመለሰች።

"ሼህ ኡመር ምን አሉሽ?"

"'ዛሬ ብቻሽን ነሽ' አሉኝ።" ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ተወችው። "ያዘኑ መሰለኝ፣ እማዬ። 'የት ተውሽው?' አሉኝ።"

በነጋታው ጠዋት ሣጥኗን በትከሻዋ አንግታ ሞተሩ ላይ ስትወጣ እንደ ልማዴ ደጅ ላይ ቆምኩ። "ጠባቂ መልአክ ሆይ፣ ከፊቷ ቅደም፣ ከኋላዋ..." አልኩና አቆምኩ።

ከኋላዋ ሁን። ልጅ ከወለድኩ ጊዜ ጀምሮ የምለምነው ይህንን ነው። ከኋላዋ አለ ሲሉኝ ጠበል ረጨሁበት፤ ወንበሩን ተሻማሁት፤ በመጨረሻም በመካኒክ አስወጣሁት። እንግዳ ጠርቶ ውሻ የሚፈታበት ሰው አለ ቢሏችሁ፣ ቤቱን አሳያችኋለሁ። ለካ እኛ የምንለምነው ይሰጠናል ብለን አይደለም። ልማድ ሆኖብን ነው።

እርግጥ ነው፣ ሞላ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

"እማዬ፣ በረዶው እየቀለጠ ነው" አለች ሰናይት።

ዓይኔን ጨፍኜ ጨረስኩት። "ከኋላዋ ሁን። ያለፈውንም ይቅር በለኝ።"

ዓይኔን ስገልጥ ሰናይት ከተቀመጠች ቆይታለች፤ ሁለት እግሯን መሬት ተክላ ትጠብቀኛለች፤ አልተነቃነቀችም። የሞተሩ ኋላ ግን፣ አዲሱ ሞላ ያለበት፣ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

የደጃችን መሬት ደልዳላ አይደለም። እሱ ይሆናል።

ብቻ ዘሪሁንን አልጠራሁትም።