ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ስክሪን

ዕቃ ሳይገዛ በመምረጥ ብቻ የሚጠግብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ቢቸና ከተማ፣ አንድ የመሬት ቢሮ ውስጥ ገጥሞኛል። ለልጄ የማወርሰው የቤቴ ካርታ ያለበት ኮምፒውተር ስክሪንም ኪቦርድም የለውም፤ ሁለቱንም የያዘው አጠገቡ ያለው ነው። የቢሮው ባለሙያ አንዱን ስክሪንና ኪቦርድ ለሁለቱ የሚያካፍል ማቀያየሪያ ዕቃ ሲመርጥ፣ እኔ ከሞጣ ስመላለስ ከረምን።

«ባለ ሁለት ይሻላል ወይስ ባለ አራት?» አለኝ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ። «ያስቡት ጋሼ፣ ቁልፏን ነካ ሲያደርጓት ይኼ ዓለም ይጠፋል፣ ያኛው ቀስ ብሎ ብቅ ይላል...»

እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ አብሬው ተንሳፈፍኩ። ግን ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ከእንግዲህ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። ተነስቼ የስክሪኑንና የኪቦርዱን ገመዶች ከአንዱ ነቅዬ ሌላው ላይ ሰካኋቸው። ካርታዬ ከነስሜ ቀስ ብሎ ብቅ አለ።

ከሕልሙ እንደቀሰቀሱት ሰው አፈጠጠብኝ። «አበላሹት እኮ ጋሼ! አሁን ምን ልንመርጥ ነው?»