ጋሼ እንደሱ እና ጠማማው ማጉያ

በየቤተሰቡ አንድ ጠማማ አለ። «በእኛ ቤት የለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ጠማማው እሱ ነው።

የእኛው ክቡር ጠማማ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ራዲዮ ጠጋኝ። ሰፈሩ «ጋሼ እንደሱ» ይላቸዋል። «ዝናብ መጣ» ሲሏቸው፣ እየረጠቡ «እንደሱ አይደለም» ይላሉ። ሐኪም «ደህና ነዎት» ቢላቸው «እንደሱ አይደለም» ብለው ሲሟገቱ፣ ከኋላቸው የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ባሰበት። ልጄ ስትወለድ ቤተ ዘመዱ «ቁርጥ አባቷን» ሲል፣ አንገታቸውን አስግገው አዩና «እንደሱ አይደለም፤ እኔን ነው» አሉ።

ልጄ ሰባት ወር ሲሞላት አሠሪዬ ቁርጡን ነገረችኝ። «ሕፃን መርፌና መቀስ መሃል አላስገባም። ሰኞ ካልመጣሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ።» ስፌት ቤቱ ከቤታችን ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ነው። እናቴ ልጅቷን ልትይዝልኝ ፈቃደኛ ናት፤ ጆሮዋ ግን ደክሟል፣ ልጅቷ ብታለቅስም አትሰማም።

«ጋሼ፣ ሽቦ ዘርግተው ለቅሶዋን ወደ ላይ ቢያደርሱልኝስ?»

«እንደሱ አይደለም። ስፌት ቤቱ ውስጥ ራዲዮ የለም እንዴ?»

በሁለት ቀን አንዲት ማሰራጫ ሠሩ፤ ብየዳዋ እንደ ጥልፍ ያማረ። ማይክሮፎኗ ላይ ጮኽን፣ ዘፈንን። ላይ ያለው ራዲዮ ጭጭ።

«ችግሩ ገባኝ» አሉ አዝነው። «ማሰራጫዋ ውስጥ ያለው ማጉያ በጣም ቀጥ ያለ ነው።» ሰው በቀጥተኝነት እንዲህ ሲያዝን አይቼ አላውቅም።

«ድምፅ መንገደኛ ነው፤ የራዲዮ ሞገድ መኪና ነው። ቀጥ ያለ ማጉያ ሁለቱንም ያገዝፋል እንጂ አያሳፍርም። መንገደኛው እዚያው ይቀራል፣ መኪናው ባዶውን ይሄዳል።» የልብስ መቁረጫ ወረቀቴ ላይ የማጉያውን ጠባይ የሚያሳይ መስመር ሣሉልኝ፤ መሃሉ ቀጥ ያለ፣ እግሩ ጋ የጎበጠ። «የሚያጎላውን ትራንዚስተር መሃሉ ላይ ነበር ያሠራሁት። ኤሌክትሪኩን ቀንሼለት ወደ ጉብጠቱ ላውርደው። መሳፈሪያው እዚያ ነው።»

«ታዲያ ጠማማ ማጉያ ነው የሚፈልጉት?»

«እንደሱ አይደለም» አሉ። መስመሩን ዳግም አዩና «እንደሱ ነው» አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቅዳሜና እሑድን አንዷን የኤሌክትሪክ መቀነሻ ሬዚስተር እየነቀሉ ሌላዋን ሲበይዱ ዋሉ። ሰኞ ጠዋት ልጄን ለእናቴና ለጋሼ ትቼ ወጣሁ። አሠሪዬ ራዲዮኑን ከፈተችው። ሽሽሽ አለ። ቀጥሎ ልጄ አጉተመተመች፣ አጠገቤ የተቀመጠች ያህል። ስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ። ከዚያ ማይክሮፎኗ መከፈቷን የረሱት የአጎቴ ድምፅ መጣ።

«እንደሱ አይደለም የኔ እመቤት፤ ሽቦ አይበላም። ነይ እስቲ። የዚህ ቤት ጎበዝ እናትሽ ናት፣ ታውቂያለሽ? ብቻዋን ወዲያ ወዲህ ብላ፣ አንድ ቀን አቃተኝ አላለችም። እንዳትነግሪያት ታዲያ።» ቀጥለው ዘፈኑ፤ ዜማው ከማጉያቸው የባሰ ጠማማ ነበር።

ሃያ አምስት ዓመት ስኖር አንድ «ጎበዝ» ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ጨርቁን አቀርቅሬ ሰፋሁ፣ ስፌቱ ግን አልታየኝም።

«ይሄን ጣቢያ ማንም እንዳይቀይረው» አለች አሠሪዬ።

ከሥራ ስወርድ በር ላይ ጠበቁኝ። «እህ፣ ምን ተሰማ?»

ቀጥ ያለ ማጉያ አያሳፍርም፤ ቀጥ ያለ መልስ ግን ያሳፍራል።

«ለቅሶዋ ብቻ» አልኳቸው።

«እንደሱ አይደለም» አሉ ቆጣ ብለው። «ዛሬ መች አለቀሰች?»