ዊልበር ፔትሪ «ሰባተኛ ፎቅ»ን ከሁለተኛነት ያወጡበት ዜና

በዐቃቤ ፈንዲሻነት በተሾሙ በዘጠነኛው ዓመት፣ ቀኝ ጉልበታቸው በሸፈተ በአራተኛው፣ ወይዘሮ ማርጎሪ ቲስዴልም የሊቀ መንበርነቱን ወንበር ይዘው አልነሣም ባሉ በአሥራ አንደኛው፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ በበርባንክ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ዊልበር ፔትሪ፣ ሞዓ ምንጣፍ፣ ፀሐየ በርባንክ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልሠራውን፣ ከዚያም ወዲህ ማንም ሊሠራው ያልፈለገውን ሥራ ሠሩ።

በውእቱ መዋዕል በዚያች ከተማ የኔድ ፌርዌዘር ወዳጆች ማኅበር የሚባል ታላቅ ጉባኤ ነበረ። ኔድ ፌርዌዘርም፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ ዘፋኝም ዳንሰኛም ተዋናይም ሆኖ በሠላሳ አንድ ፊልም የነገሠ፣ ሲዘፍን ሴቶች፣ ሲደንስ ወንዶች፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ ሲል ደግሞ የስቱዲዮ ባለቤቶች የሚያለቅሱለት ሰው ነው። የማኅበሩም ሕግ ይህ ነው፤ በየዓመቱ በጥቅምት አባላቱ ተሰብስበው ከሠላሳ አንዱ ፊልሞች ምርጥ አሥሩን በድምፅ ይለያሉ፤ አንደኛ የወጣውም በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በሲኒማ ፔሊካን በትልቁ ስክሪን ይታያል። ሁለተኛ የወጣው አይታይም። ሁለተኛ የወጣው እያንዳንዱ ሰው ቤት፣ በቴሌቪዥን፣ ከማስታወቂያ ጋር ይታያል።

ለአሥራ አንድ ዓመትም አንደኛው «ሎሚና መርከበኛ» ነበረ፣ ባለ ቀለሙ፣ ባለ ሁለት መቶ ጨፋሪው፣ ወይዘሮ ማርጎሪ በስሙ የሚምሉበት። ሁለተኛውም «ሰባተኛ ፎቅ» ነበረ፣ ጥቁርና ነጩ፣ ኔድ የሆቴል ልብስ ተኳሽ ሆኖ ከካውያ ጠረጴዛ ጋር ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ የሚደንስበት። ሦስተኛው «ማክሰኞ አልመጣም»፣ አራተኛው «ባቡሩ ሲዘፍን»፣ አምስተኛው «የአጎቴ ሙሽራ»፣ እያለ እያለ ይወርድና አሥረኛው ኔድ ለላም የሚዘፍንበት «የሞንታና ወተት» ነበረ። ላሚቱ ከኔድ ይልቅ ጥሩ ተውናለች የሚሉ መናፍቃንም ተነሥተው ነበር፤ ስማቸው ከዚህ መጽሐፍ ተፍቋል።

በዚህ ዓመት ግን ሲኒማ ፔሊካን ተሸጠ። ከኅዳር ወር ጀምሮ ሰዎች ብረት የሚያነሡበትና በቆመ ብስክሌት የትም ሳይደርሱ የሚጋልቡበት ቤት ሊሆን ተወሰነ፤ ስለዚህም ይህ ምርጫ የምርጫዎች ሁሉ መጨረሻ ሆነ። ዊልበርም ይህን በሰሙ ጊዜ ለሦስት ቀን ቁርስ ብቻ በሉ፤ ምሳና እራትን ግን በሐዘን በሉ።

ነገሩን እንደ ሞት ሽረት የያዙት ስለ ሚስ ኦፓል ብራንት ነው። ሚስ ኦፓል የሰማንያ ስድስት ዓመት እመቤት፣ በባለ አራት እግር ምርኩዝ የሚሄዱ፣ በማኅበሩ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ሹራብ በመሥራት ብቻ የሚታወቁ ነበሩ። እንግዲህ በዚያ በድሮ ዘመን የስቱዲዮዎች ልማድ ይህ ነበረ፤ ዳንሰኛው በብረት ጫማ ሲደንስ የሚነሣው ምስሉ ነው፤ የጫማው ድምፅ በኋላ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ምስሉን እያዩ በሳንቃ ላይ እየረገጡ ይቀዳል። ኔድም በዚያ ሳምንት ፓልም ስፕሪንግስ ሄዶ ፀሐይ ቆዳውን ልጦት ተኝቶ ስለ ነበር፣ «ሰባተኛ ፎቅ»ን የረገጡት የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኦፓል ነበሩ። እንዳይናገሩም ፈርመዋል። ስቱዲዮው የሶፋ መጋዘን ከሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ እርሳቸው ግን ለአንድ ሰው እንኳ አልተነፈሱም፤ ባለፈው ሚያዝያ ብቻ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ፣ ዊልበር ስለ ኔድ እግሮች እየማሉ እየተገዘቱ ሲያወሩ ቢያስቸግሯቸው፣ እንዲህ አሏቸው፦

«ዊልበር፣ ዝም በል። የኔ እግር ናቸው። ለማንም ብትናገር በዚህ ምርኩዝ ነው የምልህ። ፊልሙ ሲመረቅ እንኳ አልጠሩኝም። በቴሌቪዥን ደግሞ የምሰማው የሚንጣጣ በቆሎ ነው። አንድ ጊዜ በትልቅ አዳራሽ ልስማው፣ ከዚያ ሲኒማውን ከፈለጉ የፈረስ ጋጣ ያድርጉት።»

ዊልበርም ደረታቸውን መትተው ቃል ገቡ። አውቶቡሱም አምልጧቸው ሄደ።

ወእምዝ ምሥጢሩን ሳያወጡ ምርጫውን የሚያሸንፉበትን ጥበብ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመው፣ በማኅበሩ ፊት የካውያ ጠረጴዛውን ዳንስ ራሳቸው ሊደንሱ ቆረጡ። ለእያንዳንዱም አባል በስልክ እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ረቡዕ እደንሳለሁ። ያልመጣ ሰው ለልጅ ልጁ የሚያወራው ያጣል። መነጽርህን እንዳትረሳ።» ለአሥራ አንድ ሳምንትም መኪናቸውን ከጋራዡ አውጥተው፣ ብረት የተመታበት ጫማ ተጫምተው፣ በሲሚንቶው ላይ እንዲህ ረገጡ፤ ድምፁ እስከ ሦስተኛው መንገድ ተሰማ፣ የጎረቤት ውሻ ቤቱን ለቆ ወደ ዘመዶቹ ሄደ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ያላቸው ሊቃውንትም ደንግጠው መሣሪያቸውን ደጋግመው ጠረጉ ይባላል።

ወይዘሮ ማርጎሪም በበኩላቸው አልተኙም። ሦስት ትሪ ሙሉ የሎሚ ብስኩት ጋግረው፣ ዱቄት ስኳር ነስንሰው፣ በክፍሉ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ «ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ሁሉም ይቅመስ፣ ማንንም አላስገድድም፣ ግን የቀመሰ ያውቃል» ሲሉ አወጁ።

ቀኑም ደረሰ፤ ሠራዊቱም ገባ። ቁጥራቸው እንደ ባሕር አሸዋ ነበረ፤ ሲቆጠሩ ግን አርባ ሦስት ሆኑ። ከእነርሱም ባለ መነጽር አርባ አንድ፣ ባለ ምርኩዝ ዘጠኝ፣ የጆሮ መሣሪያቸው የሚያፏጭ ስድስት፣ ከኔድ ጋር አንድ ጊዜ አሳንሰር ውስጥ ገብቻለሁ የሚሉ አሥራ አራት፣ አሳንሰሩ ግን አራት ሰው የሚይዝ፤ ከኋላም የቀድሞው የስቱዲዮ መብራት ሠራተኛ ቻክ ኦዴል፣ ምላሰ ስለት፣ ፈንዲሻውን ታቅፎ ተቀመጠ።

ዊልበርም የካውያ ጠረጴዛቸውን እንደ ጋሻ በክንዳቸው ታቅፈው ወጡ። ቀሚስ በሚያህል የሆቴል ሽርጥ ታጥቀው፣ ጠረጴዛውን ዘርግተው፣ ቀኝ እግራቸውን አንሥተው የመጀመሪያውን ምት መቱ፤ ምንም አልተሰማም። ግራውን መቱ፤ ምንም። እነሆ በክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። በዚያ ክፍል በየወሩ ለሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል፤ ወደ ታች ግን ተመልክተው አያውቁም፤ ጀግና ወደ ታች አይመለከትምና።

ወደ ኋላ ማለትም ስለማያውቁ በዝምታ ደነሱ። ያን ጊዜ ቻክ ከኋላ ጮኸ፦ «አንተ ዊልበር፣ እየደነስክ ነው ወይስ ጉንዳን እየገደልክ?»

«ጉንዳኑም አልሞተለትም!» አለች አንዲት ከፊት።

«ድምፁን ጨምርልን!» አለ ባለ ጆሮ መሣሪያው፣ የራሱን መሣሪያ እየጠመዘዘ።

ሳቁም እንደ ጎርፍ መጣ፤ ወይዘሮ ማርጎሪም በትሕትና ብስኩት አዞሩ፤ የዊልበርም ግንባር ላቡን አፈሰሰ፤ በልባቸውም ከሳቁ ይልቅ ለኦፓል የገቡት ቃል እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደ። አንድ ቃል ቢናገሩ፣ «እግሮቹ የማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ?» ቢሉ፣ ያሸንፉ ነበር። አፋቸውንም ከፈቱ፤ ነገር ግን መልሰው ዘጉት፣ መደነሳቸውንም ቀጠሉ። ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በዕድሜያቸው አፋቸውን ከፍተው ሳይናገሩ የዘጉት በዚያች ዕለት ብቻ ነውና።

በዚያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ሹራብ ወደቀ። ምርኩዝ መጣች፣ ቀስ ብላ፣ የብስኩቱ ጠረጴዛ ድረስ።

«ና ወዲህ» አሉ ሚስ ኦፓል። «አውልቀው።»

«ምኑን?» አሉ ዊልበር።

«ሱሪህን አላልኩህም፣ ጫማውን!»

ሚስ ኦፓልም በክንዳቸው ትሪዎቹን ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፉ።

«ኧረ ብስኩቴ!» አሉ ወይዘሮ ማርጎሪ።

«ብስኩትሽን ብዪው የኔ ማር፣ ጠረጴዛውን ግን ልቀቂልኝ።»

ከዚህም በኋላ ተቀምጠው፣ የዊልበርን ጫማዎች እንደ ጓንት በሁለት እጃቸው አጥልቀው፣ ዓይናቸውን ባዶ ግድግዳ ላይ ተክለው፣ በእንጨቱ ላይ መምታት ጀመሩ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ጣሪያ ላይ እንደ ጀመረ ዝናብ፤ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፤ ቀጥሎ ኔድ የካውያ ጠረጴዛውን ዞሮ የሚመለስባት ያቺ የምትንሸራተት ምት፣ አርባ ሦስቱም ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በልባቸው የሚያውቋት። ቻክ ፈንዲሻ ወደ አፉ እንዳቀና ቀረ። የጆሮ መሣሪያዎቹ ሁሉ ማፏጨት አቆሙ።

ዊልበርም በካልሲ፣ ያውም አውራ ጣቱ በወጣ ካልሲ፣ ከካውያ ጠረጴዛቸው ጋር በምንጣፉ ላይ ይበሩ ነበር።

«አትቅደመኝ!» አሉ ሚስ ኦፓል እየመቱ። «ያኔ እኔ ምስሉን ተከተልኩ፤ ዛሬ ምስሉ እኔን ይከተል!»

«ጉልበቴ...»

«ጉልበትህን አልጠየቅሁህም! ዙር!»

ዞሩም። በመጨረሻው ምት ላይ ኔድ በፊልሙ ጠረጴዛውን በእግሩ መትቶ አጥፎ በብብቱ ይይዘዋል፤ ዊልበር ግን ለማኅበሩ ካላቸው ትሕትና የተነሣ መሬት ላይ ተዘረጉ፣ ጠረጴዛውም በላያቸው ታጠፈ፣ ልክ በምቱ ላይ፣ አንዲት ሴኮንድ ሳትዛነፍ። ይህንንም ሆን ብለው እንዳደረጉት ከጠረጴዛው ሥር ሆነው መሰከሩ።

ወይዘሮ ማርጎሪ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ «ኔድ አይደለም?» አሉ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ኔድማ ፓልም ስፕሪንግስ ነበር የኔ ማር። እንደ ቲማቲም ቀልቶ።»

«እና... ‹ሎሚና መርከበኛ›ስ?»

«እዚያማ ኔድ ራሱ ነው። አትደንግጪ። መስማት ለሚችል ሰው ያስታውቃል።»

ወይዘሮ ማርጎሪም ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያም ለድምፅ መስጫ የተዘጋጀውን የኮፍያ ሳጥን አነሡ፤ ሁሉም ወረቀቱን ጽፎ ከተተ። ሲቆጠርም ለ«ሎሚና መርከበኛ» ሃያ አንድ፣ ለ«ሰባተኛ ፎቅ» ሃያ ሁለት ሆነ። ያቺ ሚዛኑን የደፋች አንዲት ወረቀት የማን እንደሆነች ብዙ ተመራመሩ፤ የዱቄት ስኳር የጣት አሻራ ተገኘባት፣ ነገር ግን በዚያች ሰዓት በበርባንክ ስኳር የሌለበት ጣት አልነበረም። ወይዘሮ ማርጎሪም ወንበራቸው ላይ ቆመው፣ «ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ‹ሰባተኛ ፎቅ› ይታያል! የዘገየ ውጭ ይቀራል! ዊልበርንም አንድ ሰው ከጠረጴዛው ሥር ያውጣው!» ሲሉ አወጁ።

ቅዳሜም ሆነ። ሚስ ኦፓል በሲኒማ ፔሊካን መካከለኛ ረድፍ፣ መካከለኛ ወንበር ላይ፣ ሊፕስቲክ ተቀብተው ተቀመጡ፤ ዊልበርም ጉልበታቸውን በበረዶ ጠቅልለው በቀኛቸው ሆኑ። ኔድ የካውያ ጠረጴዛውን ሲዘረጋ ሚስ ኦፓል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከወንበሩ ሥር እስከ ጣሪያው፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት እግሮቻቸው በአዳራሹ ሁሉ ሮጡ። በድንገት የዊልበርን ክንድ ጨምድደው ያዙ፤ ከዚያም ለቀቁት።

መብራት ሲበራ፣ «ሰማኸው?» አሉ።

«ምኑን?»

«ካውያውን ሲያነሣ ሦስት ጊዜ መምታት ነበረብኝ። ሁለት ነው የመታሁት። ደክሞኝ ነበር፣ ለአሥራ አራተኛ ጊዜ ስንቀዳ ነበር፣ ድምፅ ቀጂውም ‹ይበቃል› አለና ሄደ። ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በትልቅ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይሰማታል እያልኩ ነው የኖርኩት። እውነቱን ንገረኝ።»

ዊልበርም ያን ፊልም ስልሳ አራት ጊዜ አይተውታል። አሰቡ፣ ራሳቸውን አከኩ፣ በሕይወታቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም ጭማሪ ተናገሩ፦ «ሚስ ኦፓል፣ ምንም አልሰማሁም።»

«አንተ ደንቆሮ!» አሉ ሚስ ኦፓል፣ ፊታቸውም እንደ ስክሪኑ በራ፤ የዊልበርንም ፈንዲሻ ከጭናቸው ላይ ወስደው እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በሉት።

ስለዚህ ይክበሩ ዊልበር ፔትሪ፣ ዐቃቤ ፈንዲሻ፣ ሞዓ ምንጣፍ፣ በዓለ ካልሲ፣ ከካውያ ጠረጴዛ ሥር በክብር የተነሡት፤ ትክበር ጉልበታቸው፣ ትክበር የታቀበች አፋቸው፤ ከሁሉም በላይ፣ ስልሳ አራት ጊዜ ሰምታ አንዲትም ያልሰማች፣ የአንዲትን እመቤት የስልሳ ሰባት ዓመት እንቅልፍ የመለሰች፣ ያቺ ብፅዕት ደንቆሮ ጆሯቸው፣ ግራዪቱም ቀኚቱም፣ እስከ ዘመናት ፍጻሜ ትክበር።