ኮረብታ ለመውጣት የታጠቀው ወዳጄ

ለአንዲት የሣር ኮረብታ ዘመቻ እንደሚሄድ ሰው የሚታጠቅ ወዳጅ አላችሁ? እኔ አለኝ፤ ሮቤ ከተማ አብሮኝ የሚያስተምር። ቅዳሜ ዲንሾ አጠገብ ያለችውን ኮረብታ ልንወጣ ስንነሳ ሁለት ምርኩዝ፣ ገመድና ፊሽካ ይዞ መጣ። ገመዱ ለምን ይሆን? ላሞች እያመነዠኩ የሚወጧት ኮረብታ እኮ ናት!

ግማሽ መንገድ ላይ ጃንጥላ የያዙ አንድ ሐጂ ከኋላ ደረሱብን። ባሌ ውስጥ ደግሞ ሰላምታ በጥድፊያ አይሆንም።

"አካም ጅርቱ? ጤና ነው? ቤተሰብ ደህና? ከብቱስ? ዝናቡስ?"

ወዳጄ መናገር አቃተው። የቀረችውን ትንፋሽ ፊሽካው ላይ ጨርሶ "ጲጵ" አለላቸው። ሐጂ አዝነው ቆም አሉና ካቆሙበት ቀጠሉ፤ "ጎረቤትስ?"

ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ከታች የገብሱ ማሳ፣ ከማዶ ተራራ በተራራ ላይ ተደርቦ እስከ ሰማይ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ከድካም እንዳይመስላችሁ።

"ሐጂ፣ እዚህ ለምን ይወጣሉ?" አልኳቸው።

"ለማየት ነዋ! ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፤ ገና አልጨረስኩትም።"

ወዳጄ ለሰላምታው መልስ የሰጠው ያኔ ነው። ዓይኑን ከተራራው ሳይነቅል፣ በሹክሹክታ፣

"ደህና ነን ሐጂ፤ ሁላችንም ደህና ነን።"