ሰው የጾም ነው ወይስ የፍስክ?

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ምን አየሁ መሰላችሁ! ጣና ወደ ከተማችን ገባ ባለባት፣ በተከለለችው ሰላጤ ዳር ቆሜያለሁ። ዓሦቹ ታንኳ ላይ ተቀምጠው ይቀዝፋሉ፤ መረባቸውን የሚጥሉት ግን አስፋልቱ ላይ ነው። እምቦጩ፣ ያ የሐይቁ አረም፣ በበኩሉ ለዘመቻ ወጥቶ «አይዞህ፣ ሳብ!» እየተባባለ ሰው ይነቅላል። እኔ ደግሞ ዓሣ አስጋሪ ነኝና የመረብ አጣጣላቸውን ሳይ ሳቄ መጣ፤ ጀማሪዎች ናቸው።

መረቡ ሲጎተት መጀመሪያ አንድ ባለሆቴል ወጣ። አንዲት ቀረሶ ዓሣ አሸተተችውና «ይሄማ ፍሳሹን እኛ ላይ የሚለቀው ነው፤ ሥጋው አይበላም» ብላ መልሳ ወረወረችው። ቀጥሎ ሐይቅ ዳር ፎቶ ሊነሡ የመጡ ሙሽሮች ወጡ። ሙሽራዋ «ኧረ ቀስ! ቬሎው የኪራይ ነው!» እያለች ትጮኻለች።

መጥበሻው ሲጣድ ግን ክርክር ተነሣ፤ ለካ እነሱም ፍልሰታን ይዘዋል።

«ሰው እግር አለው፣ የፍስክ ነው» አለች ቀረሶዋ።

አለቃቸው፣ ሪዙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ አምባዛ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እነሱ እኛን በጾም ሲበሉን ‹የውሃ ነገር ምን አለበት› አይሉም? የየብስ ነገርስ ምን አለበት!»

ሐይቁ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እየሳቅሁ ወደ መረቡ ብመለከት፣ ባለቤቴ እናንዬ! ስምንት ወር የገፋ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እንባዋ ይወርዳል።

«አለቃ፣ በእናትዎ ይልቀቋት! እርጉዝ ናት!» ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ አልኩ፤ እግር የለውም፣ ጅራቱ ላይ ወደቅሁ።

«ደሳለው አይደለህም እንዴ?» አለኝ ጎንበስ ብሎ። «እኛ ክረምት ላይ እንቁላላችንን ይዘን ወደ ወንዙ አፍ ስንወጣ፣ አንተ ምን ትለናለህ?»

ምን እንደምል እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ስለዚህ ትጠበስ» አለ አለቃው።

«የሆዷስ?» አለች ቀረሶዋ።

«እሱ ምርቃት ነው!» አለ፤ እኔው ገበያ ላይ የምለውን ቃል።

ዘይቱ ተንጣጣ። «እናንዬ!» ብዬ ጮኼ ከአልጋዬ ወደቅሁ።

እናንዬ ራስጌዬ ተቀምጣለች። ሆዷን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ወላድ ዓሣ ዳግመኛ እንደማልነካ በጣና ደሴቶች ታቦት ሁሉ ማልኩላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«መልካም፣ ከነገ ጀምር» አለችኝ። «ዛሬ ግን የዓሣ እንቁላል አምሮኛል። ያማራትን ያጣች እርጉዝ ምን እንደምትሆን ታውቃለህ።»

ምን ላድርግ? እርጉዝ እምቢ አትባልም። መረቤን ተሸክሜ፣ እግሬን እየጎተትኩ ወደ ወንዙ አፍ ወረድኩ። ጉድ በሉ! የሰፈሩ ባል ሁሉ መረቡን ይዞ ከእኔ ቀድሞ ተሰልፏል። አንዱ «ሚስቴ አምሯት ነው» ይላል፣ ሌላው «የእኔዋም።» ከፊት ደግሞ ዳኘው ቆሟል፤ ሚስት ቀርቶ እጮኛ የሌለው ጎረቤቴ።

«አንተስ ለማን ነው?» አልኩት።

«ለማገባት» አለኝ።