ከሚሌ ወዲህ ያላጨሰው ሰው

በዚህ ምድር ላይ እንደ አጫሽ ቶሎ ቶሎ ሲጃራ የሚተው ፍጡር የለም። ሌላው ሰው ያልጀመረውን ከየት አምጥቶ ይተዋል? አጫሽ ግን ጠዋት ይተዋል፣ ከምሳ በኋላ ይተዋል፣ ክሊኒክ በር ላይ ሲደርስማ እስከ ወዲያኛው ይተዋል።

ንጋትወርቅ ይህን የተማረችው ሁሉም ሰው ጓድ በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ ሎጊያ መንገድ ዳር ባለች ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሆና ለበሽተኞች ካርድ ስታወጣ ነው። ከላይ የመጣው መመሪያ ግልጽ ነበር። ሲጃራ ነክቶ የማያውቅ አንድ ቁጥር፣ አጭሶ የተወ ሁለት፣ የሚያጨስ ሦስት ይጻፍበታል። ሦስት ቁጥር ሆኖ የሚያስል ደግሞ ለራጅ ዱብቲ ሆስፒታል ይላካል። መመሪያው በሽተኛው ያለውን ጻፉ እንጂ አሽታችሁ ጻፉ አይልም። የሰለቻትም ይኸው ነው።

የተዉት ሁሉ አለቃ ክቡር ጓድ ሰላሀዲን ነበሩ፤ የአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር። ወደ አሰብ ሲወርዱ፣ "ከሚሌ ወዲህ አልነካሁም፤ አላህ ያውቃል" ይላሉ። ሲመለሱ ደግሞ በአሰብ በኩል ካለችው ከሰርዶ ወዲህ ነው። አላህ ማወቁን ንጋትወርቅም አትጠራጠርም፤ ካርዱ ላይ የምትጽፈው ግን እሷ ናት።

"ጣትዎ ለምን ቢጫ ሆነ ጋሼ?"

"ናፍጣ ነው።"

"ሳሉስ?"

"የሰርዶ አቧራ! አንቺ ደግሞ!"

አንድ ቀን እንዲያውም፣ "ትቻለሁ አልኩሽ እኮ!" ብለው ከተቆጧት በኋላ በዚያው ትንፋሽ ክብሪት ለመኗት። ሁለት ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ? ሦስት ከሆኑ ዱብቲ ነው፤ ዱብቲ ከገቡ አብረውት የሚጓዙት የመኪኖች ኮንቮይ ጥሏቸው ይሄዳል፣ መኪናውም ለሌላ ሹፌር ይሰጣል። የመኪና መሪ ሳይጨብጡ ደግሞ ሰውዬው መቀመጥ እንኳ የሚችሉ አይመስሉም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ እሳቸውም ማወቋን ያውቃሉ።

ሙቀቱ ሰው በሚያዞርበት አንድ ቀትር፣ የጓድ ሰላሀዲን የሲጃራ ሽታ እንደ ልማዱ ቀድሟቸው ገባ። ንጋትወርቅ ቀና ሳትል ሁለት ብላ ጻፈች።

"ሦስት አድርጊው" አሏት።

ቀና አለች። ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው አጥሯል፣ መሐረባቸው ላይ ደም አለ።

ስንት ጊዜ እውነቱን እንዲነግሯት ለምና ነበር! አሁን ሲመጣ ግን አልፈለገችውም። "እስኪ ጋሼ... ከሰርዶ ወዲህስ?" አለች፣ እንዲዋሿት እየለመነች።

"ከሰርዶ ወዲህም። እዚህ በር ላይም አጭሻለሁ። ጻፊ ልጄ፣ ደክሞኛል።"

ሁለቱን ሰርዛ ሦስት ጻፈች። ቢሰጥ የሚባለው የክሊኒኩ ድሬሰር ካርዱን እንዳየ ዱብቲ የሚያደርስ መኪና ሊለምን ወደ መንገዱ ሮጠ።

ሲሳፈሩ ንጋትወርቅ እስከ መኪናው ሸኘቻቸው። እሳቸው ግን ዐይናቸው መንገድ ዳር በቆመው መኪናቸው ላይ ነበር፤ ኮንቮዩ ሊንቀሳቀስ ሞተር እያስነሳ ነው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

"ስመለስ ከዱብቲ ወዲህ አልነካሁም እልሻለሁ።"

"ብቻ ይመለሱ" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ሲጃራው አፍዎ ላይ እየጨሰም ቢሆን ሁለት እጽፍልዎታለሁ።"