የከበባው ዕለትና ክቡር መዝገበ ቃላት

በየመሥሪያ ቤቱ ቃል ያለ እሱ ፈቃድ ከሰው አፍ እንዳይወጣ የተሾመ የሚመስል አንድ ሰው አይጠፋም። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ ሹመቱን የሚሽርም እስካሁን አልተገኘም። "ሰላም ነው?" ብላችሁ ልታልፉት ስትሉ "ሰላም ያላችሁት ጤናዬን ነው ወይስ ጸጥታውን?" ብሎ ያቆማችኋል። ቸኩላችሁ ከሆነ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

በሬዲዮ ጣቢያው የውጭ ዜና ክፍል ይህን ሹመት የያዙት ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጡት አንጋፋ የቋንቋ አራሚ ነበሩ። ፊት ለፊት "ጋሼ" ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ "ክቡር መዝገበ ቃላት"። የተጠራጠረበት ቃል ያለው ተርጓሚ ሁሉ ወደ ጠረጴዛቸው ይሄዳል፤ ደንብ ነው። መሄዱስ ቀላል ነበር፣ መመለሱ ነው እንጂ ችግሩ። አንድ ቃል ፍለጋ የሄደ ሰው ዘጠኝ ተሸክሞ ይመጣል። "ታዲያ ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?" ብሎ ከጠየቀማ አለቀለት። "ወንድማማች ናቸው እንጂ መንታ አይደሉም!" ይሉና እንደገና ከሥሩ ይጀምሩለታል።

ከጎናቸው የምትቀመጠው ወጣት ተርጓሚ በዚህ ነገር አንጀቷ አሯል። ከእሳቸው ጋር ስትሠራ ሻይዋን ትኩሱን የጠጣችበት ቀን ትዝ አይላትም።

በተለይ "ሲጅ" የሚለው፣ ከበባ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል በክቡርነታቸው እጅ ያላየው አበሳ የለም። አንድ ጊዜ የስፖርት ዘጋቢው "በረኛው ሁለተኛውን ግማሽ በሙሉ በከበባ ውስጥ አሳለፈ" ብሎ ጻፈ።

"ማነው የከበበው?" አሉ ክቡርነታቸው።

"አጥቂዎቹ ናቸዋ፣ ጋሼ።"

"እህልና ውሃ ከለከሉት?"

"ኧረ የለም!"

"እንግዲያው አልከበቡትም፤ አስጨነቁት። ጦር ከተማ ሲከብ መውጫ መግቢያውን ይዘጋና ሰው እስኪራብ ይጠብቃል። ወደቡን ብቻ ከዘጋ እገዳ ነው። ጥሶ ከገባ ደግሞ ያዘ ይባላል። ወንድማማች ናቸው እንጂ..."

"መንታ አይደሉም!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ አንድ ኩባንያ ኃላፊዎች "በሲጅ ስሜት ይኖራሉ" የሚል ጽሑፍ መጣ። "ሁሉ ጠላቴ ነው ይላሉ ብለሽ ጻፊ" አሏት ተርጓሚዋን። "የከበባቸው የለም። እንዲያውም ዞር ብሎ ያያቸውም የለም።" ይኼኛው እንኳ አስቋታል።

የጣቢያው ኃላፊ ከሳቸው ጋር ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባቸው "ታገትን!" ብለው ቢጮሁ፣ ክቡርነታቸው "አልታገትንም፤ አጋች የለማ። ተዘጋብን ነው የሚባለው" ብለው ሠራተኛ መጥቶ እስኪከፍት ድረስ ልዩነቱን አስረዷቸው። ኃላፊው ከዚያ ወዲህ በደረጃ ነው የሚወጡት።

ታዲያ ተርጓሚዋ ለማንም ያልተናገረችው ጭንቀት ነበራት። ታናሽ ወንድሟ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነው። ለሥራ ወደሄደባት ከተማ ጦርነት እየቀረበ መጥቷል፤ ስልኩም ከተቋረጠ ሰንብቷል። እናታቸው ልቧ ደካማ ነው። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ አልጋዋ ጫፍ ትቀመጥና ሬዲዮዋን አቅፋ የልጇን ከተማ ስም ትጠብቃለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የከተማዋ ስም መጣ። ከስሟ ጎንም ያ ቃል፣ ሲጅ።

ተርጓሚዋ ወደ ክቡርነታቸው ጠረጴዛ አልሄደችም። "በከተማዋ ዙሪያ ውጊያ መኖሩ ተነገረ" ብላ ጻፈችና ለዜና አንባቢው ልትሰጥ ተነሳች። የት ታመልጣለች? ክቡርነታቸው ወረቀቱን ተቀብለው ከዋናው ጋር አስተያዩት።

"ይሄ ቃሉ አይደለም" አሉ።

"ይቀራረባል፣ ጋሼ። በቃ ይለፍ።"

"ውጊያ ካለ ሰው ይሸሻል። ከበባ ከሆነ ግን መሸሻ የለም። እዚያ ልጁ ያለበት ሰው ይህን ማወቅ አለበት።"

"ልጇ እዚያ ያለባት እናቴ ናት!" አለች ተርጓሚዋ። "ብቻዋን ቁጭ ብላ ነው የምትሰማው። ልቧ ደካማ ነው። እርስዎ ለቃል ይጨነቁ፤ እኔ የምጨነቀው ለሰው ነው!"

ክቡርነታቸው ጭንቀት ስንት ዓይነት እንደሆነ ሊያስረዱ ነው ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሳቸው ግን "ውጊያ" የሚለውን ሰርዘው "ከበባ" ብለው ጻፉና ወረቀቱን ለአንባቢው ሰጡ። ከዚያ ኮታቸውን ከወንበሩ አነሱ።

"ቤታችሁ በየት በኩል ነው?"

ከንዴቷ የተነሳ ለምን እንደጠየቁ እንኳ ሳታስብ ነገረቻቸው። ሥራዋን ትታ መሄድ አትችልም፤ ዜናው ተነቦ እስኪያልቅ ፈረቃው የእሷ ነው። አንባቢው "ከበባ" ሲል ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

እንዳለቀ እየሮጠች ቤቷ ደረሰች። ደረጃው ላይ ሳለች የሚያስመርራት ድምፅ ከውስጥ ተሰማት።

"እገዳ ሲሆን የሚከለከለው ዕቃ ነው። ከበባ ግን..."

"ገባኝ አልኩ እኮ!" አለች እናቷ። "ውይ ልጄ፣ መጣሽልኝ? እስቲ ገላግይኝ! ከመጡ ጀምሮ ጆሮዬን በሉት። ዜናው ሲነገር እንኳ አላረፉም።"

ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል። መድኃኒቷን ግን ወስዳለች፤ የውሃው ብርጭቆ አጠገቧ ባዶውን ተቀምጧል። ክቡርነታቸው ኮታቸውን ሳያወልቁ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

"ሰማሽው፣ እማዬ?"

"ሰማሁት። ተከበበ እንጂ አልተያዘም። ይኸው ስንቴ ነገሩኝ።" ወደ ክቡርነታቸው ዞረች። "ይሄን ሁሉ ካወቁ እንግዲህ ይንገሩኛ። ልጄ ይወጣል?"

ተርጓሚዋ አዎ እንዲሉላት በልቧ ለመነቻቸው።

"አላውቅም" አሉ።

ዱካቸውን ወደ አልጋው ጠጋ አደረጉ፤ ጨለም እስኪል ድረስም አልተነሱም።

ሸኝታቸው ስትመለስ እናቷ ሬዲዮውን ዘግታ ጠበቀቻት።

"የመጣው ሁሉ 'አይዞሽ፣ ደህና ነው' ይለኛል፤ ብሎኝም ይሄዳል" አለች። "እኚህ ሰውዬ አላውቅም ብለው አብረውኝ ቁጭ አሉ። ነገም ይምጡ በያቸው።"

"ጆሮዬን በሉት ስትይ አልነበር?"

"ይብሉት።"